ከዚሩ ሥር ያለው መሬት

ካርቱም፣ ሳሃፋ
ግንቦት 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተሰማ፤

የፖርት ሱዳን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እኔም ልደትም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር፤ ግን እኔና አንተ ስልክ ስናነሳ ሰላምታውን ሳንጨርስ እንጣላለን። ወረቀት ደግነቱ መሃል ገብተህ አታቋርጠኝም። ወልደሥላሴ ነገ ባሱን ይዞ ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእጁ እልከዋለሁ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ስትናደድም አስቀምጠህ ሻይ ጠጣና ተመለስበት።

ዋናውን ልንገርህና ልቤ ይረፍ። ልጅህ ማሽን ሠራች። ገዛች አላልኩህም፣ ሠራች ነው ያልኩህ። ከቻይና በካርቶን ተበታትኖ የመጣ ብረት፣ ሽቦና ብሎን ነበር፤ በዱባይ ዞሮ ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሻንጣ ጋር ነው የገባው። ሲኤንሲ ይሉታል። እሷ ኮምፒዩተሩ ላይ ሥዕሉን ትሥልለታለች፤ ከዚያ ማሽኑ ራሱ ወዲህና ወዲያ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደ በሚሽከረከር ስለት እንጨቱን ይቀርጸዋል። ማንም እጁን አያስገባበትም። ሰፈሩ «መከና» ነው የሚላት። ጠዋት ጠዋት «የልደት መከና እንዴት አደረች?» እያሉ እንደ በሽተኛ ይጠይቁኛል።

ያስቀመጠችው ያንተ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፣ የብየዳ ማሽንህ በነበረበት ቦታ። አዎ፣ እዚያው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ፣ አትቸኩል። መመሪያው በቻይንኛ ስለነበር ሥዕል ሥዕሉን እያየን ነው የገጣጠምነው። እኔ ብረቱን እይዛለሁ፣ እሷ ብሎኑን ታጠብቃለች። የሥራ ጠረጴዛህ ወደ አንድ በኩል ማዘንበሉን ያወቅነው ሳህን ሙሉ ውሃ አስቀምጠንበት ነው፤ ለካ ስንት ዓመት በጠማማ ጠረጴዛ ላይ ስትሠራ ኖረሃል! ከአንደኛው እግሩ ሥር ካርቶን ከተትንና ተስተካከለ። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ስለቱ ከየት ከፍታ እንደሚጀምር ሳትነግረው አስነሳችውና እንጨቱን አልፎ ጠረጴዛህን በሳው። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። አይተህ ከምትደነግጥ አስቀድሜ ብነግርህ ይሻላል ብዬ ነው።

አሁን የማልወደውን ልጻፍልህ። ሜሮንን ታውቃታለህ፣ የልደትን የልብ ጓደኛ። በጥር በሊቢያ በኩል ወጣች። እናቷ እስካሁን ድምፅዋን አልሰማችም። ልደት ትምህርቷን ከጨረሰች ሁለት ዓመት ሆናት፤ የተማረችውን የሚያሠራት ሰው አጥታ በየሱቁ የሞባይል መሸፈኛ ስትሸጥ ነበር የከረመችው። አንድ ቀን ምሳ ላይ «እማ፣ ይሄ ማሽን እስከ ፋሲካ ካልሠራልኝ እኔም እሄዳለሁ፤ ደላላውን አናግሬዋለሁ» አለችኝ። ጨው አቀብዪኝ እንደማለት ነው ያለችው። አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም። ብጮህ በማግስቱ እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ግትርነቷን ከማን እንደወሰደች ላንተ አልነግርህም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ያ ማሽን የእኔ ጉዳይ ሆነ።

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ለሙሽሮች ዕቃ የምታዘጋጅ ጀሚላ የምትባል ሴት አለች። ክዳናቸው በአበባ የተቀረጸ አሥራ ሁለት የሽቶ ሳጥኖች ልደትን አዘዘቻት። «ካማረ ሥራ አይቋረጥብሽም፤ ካላማረ ግን ኻላስ፣ ሌላ እፈልጋለሁ» አለቻት። ማሽኑ ግን አበባውን ግማሽ ያደርስና ቀጥ ይላል። ኮምፒዩተሩ ማሽኑን ጭራሽ እንደማያውቀው ይሆናል፣ እንደገና ሲነሳም የነበረበትን ቦታ ይረሳዋል። ያ ክዳን ተበላሸ ማለት ነው። ልደት ገመዱን ቀየረች። ኮምፒዩተር ተዋሰች። ብሎኑን ሁሉ ፈትታ አሰረች። ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ሙከይፍ ሲነሳ ይቆማል፤ እሱን ስናጠፋው የጎረቤት የውሃ ሞተር ይነሳና ደግሞ ይቆማል። የማሽኑን ብረት ስነካው ጣቴን ይነዝረኛል። ግማሽ አበባ ያለባቸው ክዳኖች ከግድግዳው ሥር ተከመሩ። እኔም እነሱን ባየሁ ቁጥር የምትሄድበትን ቀን የምቆጥር ይመስለኝ ነበር።

መብራት የሚዘረጋውን የካህራባ ሠራተኛ አዋድን ጠራነው። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ እንደ አክስቱ እየጠራኝ፣ «ያ ኻላ፣ ይህቺ መከና አርዲ የላትም» አለ። ለካስ ትርፉ ካህራባ በሽቦ ወደ መሬት የሚወርድበት ዘንግ ያስፈልጋታል፤ እሱ ከሌለ ከየቤቱ የሚመጣው ረብሻ ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። አዋድም የመዳብ ዘንግ አመጣና ከቧንቧው አርቆ በግቢው ጥግ መታው። «ውሃና ካህራባ አይዋደዱም፣ ደረቅ ቦታ ይሻላል» አለ። ለእኔም ልክ መሰለኝ። ማሽኑ ግን ያው እንደ ልማዱ ሆነ።

ዓርብ ዓርብ ብቻ ይሠራ ነበር። ልደት «ዓርብ ወርክሾፑ ሁሉ ስለሚዘጋ ካህራባው ይረጋጋል» አለች። አዋድም «ወላሂ እውነቷን ነው» አለ። እኔ ደግሞ ዓርብ ሱቄን ዘግቼ ልብስ የማጥብበት ቀን መሆኑን አውቃለሁ። እጣቢዬን የት እንደምደፋ ታውቃለህ፤ አሁን ዘንጉ በተመታበት በዚያ ጥግ አትድፊ እያልክ ስንት ዓመት ጨቅጭቀኸኛል። የሕማማት ሳምንት ነበር። ማክሰኞ ከስግደት ተመልሼ፣ ለማንም ሳልናገር አንድ ባልዲ ውሃ ዘንጉ ሥር ደፋሁ። ያን ቀን ሦስት ክዳን አንድም ጊዜ ሳይቆም ቀረጸ። ረቡዕ አልደፋሁም፤ ቆመ። ሐሙስ ደፋሁ፤ ሠራ። ይሄኔ ሁለቱንም ጠርቼ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳቸውና «ችግሩ ማሽኑ አይደለም። መሬቱ ደርቋል፤ ደረቅ መሬት ካህራባውን አይቀበልም» አልኳቸው።

አዋድ ራሱን ያዘ። «ያ ኻላ፣ ሃያ ዓመት ካህራባ ሠርቼ የልብስ እጣቢ ያስተምረኝ?» አለ። ልደት ተነስታ ባልዲውን ልትሞላ ሄደች። ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለም፤ የፋሲካ ዕለት ግን ሁለት ጊዜ ሳመችኝና «አንዱ የእጣቢው ነው» አለችኝ። ተሰማ፣ ኮራሁ። አራተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሴት፣ ዲፕሎማ ያላትና ሃያ ዓመት የሠራው ያላገኙትን እኔ አገኘሁ። ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ የቀረኸኝ አንተ ነህ።

ታዲያ በየቀኑ ባልዲ ተሸክሞ አይቻልም፣ ውሃም የሚጠፋበት ቀን አለ። ልደት «የማይደርቅ መሬት ከየት ይመጣል?» ስትል ሦስታችንም አንድ ላይ ወደ በሩ ዞርን። ዚሩ!

በወጣትነትህ በገዳሪፍ መንገድ በእግርህ ስትመጣ፣ በዚህ አገር መጀመሪያ የጠጣኸው ውሃ ከማታውቀው ሰው ደጅ ከቆመ ዚር ነበር። «ቤት ሲኖረኝ እኔም ለመንገደኛ አቆማለሁ» ብለህ ያንን ትልቅ የሸክላ ጋን ከእነ ብረት መቀመጫው ከኒሙ ዛፍ ሥር አቆምክ፣ የቆርቆሮውንም ኩባያ በሰንሰለት አሰርክበት። ያው ኩባያ ነው ያለው። ሸክላው እያላበው ቀን ከሌት ስለሚንጠባጠብ ሥሩ ሣር አብቅሏል፤ አዋድ ዘንጉን እዚያ ሲመታው ያለ ትግል ገባለት። ሽቦውን በግድግዳው አሳልፈው ከማሽኑ ጋር አገናኙት። ከዚያ ወዲህ ሙከይፉም ይነሳ፣ የሰፈሩ ሞተር ሁሉ ይነሳ፣ ማሽኑ ዞር ብሎ አያያቸውም። አንተ ከሄድክ አምስት ዓመት ሆነህ፤ ያ መሬት አንድ ቀን አልደረቀም። ማን ሲሞላው እንደኖረ አልጽፍልህም።

አሥራ ሁለቱም ሳጥኖች አልቀው ሄዱ። ጀሚላ አበባውን በጥፍሯ እየዳበሰች «ማን ቀረጸው?» ብትል ልደት «እኔ» አለች። ለረመዳን ማግስት ሠርጎች ሌላ ሃያ ሳጥን ታዟል። ደላላው ባለፈው ሳምንት ደውሎ ነበር፤ አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። «ሥራ አለብኝ» ብላ ዘጋችበት። ሥራ አለብኝ! ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ደስታ ነው፣ አትሳቅ።

እመለስበታለሁ ያልኩህን አሁን ልጻፈው። የብየዳ ማሽንህን ለትምህርቷ መሸጤ አይቆጨኝም፣ ዛሬም ቢሆን እሸጠዋለሁ። «ሴት ልጅ ከሽቦ ጋር ምን አላት?» ስላልክ ተናድጄ ነበር። ሳልነግርህ መሸጤ ግን ልክ አልነበረም። የእጅህ እንጀራ ነበር፤ ከሥራ ስትመለስ ባዶ ቦታ ማግኘት አልነበረብህም። ፊትህን አሁንም አየዋለሁ። ይህችን ለመጻፍ አምስት ዓመት ፈጀብኝ፤ አንተም ብትሆን አንዲት ቃል ሳትተነፍስ መሄድህ ልክ አልነበረም። በዚህ እኩል ነን።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከሳጥኖቹ በተረፈው እንጨት ልደት ለራሷ የሆነ ነገር ስትቀርጽ ሰነበተች፤ ብጠይቃት «ሙከራ ነው» ትለኛለች። ትናንት ከሱቅ ስመለስ አዋድ መሰላል ላይ ቆሞ ከበሩ በላይ ሰሌዳ ይሰቅላል። በእኛም በእነሱም ፊደል የተጻፈ ነው፣ «የተሰማ ቤት» ይላል። አከራያችን ሐጅ ኦመር አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ «ቤቱ የእኔ አልነበረም እንዴ?» እያለ ይስቃል። አዋድ ከላይ ሆኖ «ያ ኻላ፣ ጥሩ ነው? ወይስ ላውርደው?» አለኝ። ልደት ፊቴን ታያለች።

«ረጅሙን ብሎን ተጠቀም፣ የሀቡብ አሸዋ ነፋስ እንዳይነቅለው» አልኩት።

ጌታ ወገብህን ይጠግንልህ፣ የወደቡ ብረት እጅህን አይንካብህ። ፀሐይ ላይ ስትሠራ ራስህን ሸፍን። ልደት ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም አላውቅም፣ ስትገናኙ ተሳሳሙ። ወልደሥላሴ ሐሙስ ወደ ካርቱም ይመለሳል፤ ባሱ ብዙ ጊዜ ባዶ ወንበር አለው።

ብርቅነሽ

አድራሻችን ያው ነው፤ አሁን ግን በሩ ላይ ተጽፏል።