የወይዘሮ ያለም አያት

ማክሰኞ፣ ጥር 4
ዛሬም ዘር ቆጠራ። አያ ተሰማ፣ የአገሩ ዘር ቆጣሪ፣ ከጠዋት ጀምረው እገሌ እገሌን ወለደ ይሉኛል። እጄ ዛለ። ቁንጫ ጨረሰኝ፤ ጎንደር አራዳ ያለው አልጋዬ ናፈቀኝ። የአማካሪዬ የፕሮፌ. ደብዳቤ ደረሰ። ምዕራፍ 3 ደረቅ ነው ይላል፤ ክርክር የሌለበት የርስት ጥናት ማስተርስ አያሰጥም። እዚህ ደግሞ ማንም ከማንም አይጣላ! ምን ዓይነት አገር ነው?

ዓርብ፣ ጥር 7
አንተ ማስታወሻ፣ አገኘሁ! አያ ተሰማን ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው አወጡት። ቤቷ ያሳረፈችኝ የመበለቷ የወ/ሮ ያለም አያት የጡት ልጅ ነበሩ። በማደጎ የገቡ እንጂ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው የዋናው አባት አጥንት አይደሉም። እንግዲያ የምታሳርሰው መሬት ርስቷ አይደለማ። አደራ፣ እንዳትጽፈው አሉኝ። እሺ አልኩ፤ በጥናቱ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ስገባ ያለም እግሬን አጠበችኝ። ከተማ አለስልሶሃል ብላ ሳቀችብኝ። ደግ ሴት። ቂል።

እሁድ፣ ጥር 9
ከቅዳሴ በኋላ ባላገሩ ደጀ ሰላም እንደተቀመጠ የቆጠርኩትን ዘር አነበብኩላቸው። ማመሳከር የሙያው ሕግ ነው (ለፕሮፌ. እንዲህ እጽፋለሁ)። የያለም አያት ስም ላይ ስደርስ ደብተሩን ከደን አደረግኩ። ምነው፣ ቀጥል እንጂ አሉኝ። አነበብኩት። ድንበርተኛዋ ብሩ ብድግ አለ፤ የዋናው አባት አጥንት እኔ ነኝ፣ መሬቱ ለእኔ ይገባል አለ። ያለም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። እኔ? ደስታዬን አልችለው አልኩ። ማን ምን እንዳለ ቶሎ ቶሎ መጻፍ።

ማክሰኞ፣ ጥምቀት
ታቦት ሲሸኝ ሴቶቹ ከያለም ራቅ ብለው ሄዱ። መዘገብኩ። ግሩም።

ዓርብ፣ ጥር 14፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ብሩ ያለምን ከሶ አጥቢያ ዳኛው ዘንድ ዋልን። አያ ተሰማ መስቀል ይዘው ምለው ካዱ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም አሉ። የቀረው ማስረጃ የእኔ ደብተር ብቻ ነው። ነገ ይዘህ ቅረብ ተባልኩ። ያለም ተከትላኝ መጣች። ተሳስቼ ነው የጻፍኩት በል፣ አንድ ቃል ናት አለችኝ። እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ሸሸሁ። «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?» ምንም አልኳት። እውነቴን ነው፣ ምንም አልበደለችኝም።

ገጹን መቅደድ እችላለሁ። ቀድጄ ሸጋ ልጅ ልባል? ምዕራፍ 3ስ?

ወሰንኩ። ነገ ደብተሩን ለዳኛው እሰጣለሁ፤ ፍርዱንም ቃል በቃል እቀዳለሁ። በጥናቱ ውስጥ ግን ስሟን አልጽፍም፤ «ወ/ሮ ሀ.» እላታለሁ። የሰው ገመና እንዴት እንደሚጠበቅ ተምሬያለሁ።