ከሻሼ ሥር ያለው ጉድ

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ ጧት

ማበጠሪያዬ የለም። ሊዲያ ደብቃዋለች። ጸጉርሽን በደረቁ እንዳትነኪው ብዬሻለሁ አለችኝ። የእህቴ ልጅ፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ እኔው ቤት እየኖረች እኔን ልታስተዳድር!

የትናንቱን አይታ ነው። በደረቁ ባበጥረው ጎፈሬ ሆኖ ተነሣብኝ። ሻሽ አልችለው አለ። ከላይ ስጫነው በጎን ይወጣል፣ በጎን ስሰበስበው ከኋላ። መጨረሻ ላይ ውሃ ደፋሁበትና እየተራገምኩ አሰርኩት።

ግን ደብተሬ፣ ሲረጥብ ብታዪው! ቀለበት ቀለበት። አንዱን ስስበው አገጬ ይደርሳል፣ ስለቀው ጆሮዬ ላይ ጥቅልል ይላል፣ ልክ እንደ ስክሪፕቶ ስፕሪንግ። ስስብ ስለቅ፣ ስስብ ስለቅ፣ ጉርድ ሾላ ያለው የመጋረጃ ሱቄ ሳይከፈት ረፈደ። ደንበኛ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ምን ልበላት? ጸጉሬን እየጎተትኩ ነበር?

እኔ እኮ ሉጫ ነበርኩ። የአስካለ ዞማ እየተባለ ሲወራለት የኖረ ጸጉር። አምና መድኃኒቱ ሙልጭ አድርጎ ወሰደው። ሕክምናው አልቆ ሲበቅል ሌላ ጸጉር ሆኖ መጣ። ሐኪሟ ያጋጥማል አለች፣ ደግሞ ተመልሶ ሉጫ ሊሆን ይችላል አለች። እባክሽ አይሁን። ይሄኛውን ወድጄዋለሁ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

የእጥበት ቀን። ሊዲያ ሕግ አወጣች። ሻምፖ ለራስ ቅል ብቻ፣ ያውም ትንሽ። ኮንዲሽነር ለጸጉሩ፣ ሳይሰስቱ። መፍታት በጣት፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ። ፎጣ ክልክል! ያንጨባርረዋል። በአሮጌ የሩጫ ቲሸርት ጠቅልሎ ጨመቅ ጨመቅ። አንድም ቀን ያልሮጥኩበት ቲሸርት፣ ለካ ለዚህ ነው ሳስቀምጠው የኖርኩት።

ኮንዲሽነሩን ሳልታጠብ በሩ ተንኳኳ። እማሆይ! እማሆይ አሉ? የፊት ለፊት ጎረቤቴ ጥሩነሽ ናት። ሻሼን በዝልግልጉ ላይ ጠምጥሜ ወጣሁ። እሷ ታወራለች፣ ኮንዲሽነሩ በአንገቴ ይወርዳል። ላብ በላብ ሆነዋል፣ ስግደት ላይ ነበሩ? አለችኝ። አዎ አላልኩም። አይደለም ግን አላልኩም። ሊዲያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሳቅ ሞተች።

እማሆይ የሚለውን አልነገርኩሽም ለካ። ሰፈሩ የመነኮስኩ ይመስለዋል። አትሳቂ! አምና ጸጉሬ ሲረግፍ ነጭ ሻሽ አሰርኩ፣ ነጠላ ደረብኩ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ተመላለስኩ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ የለኝም። በቃ ደመሩና ቆብ ጫነች አሉ። ጥሩነሽ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ምላሴ ተሳሰረ። እውነቱን ብናገር ደግሞ ከንፈር መጠጣው አለ። ያን በሽታ እዚህ ሰፈር ስሙን የሚጠራው የለም፣ ሰው ሳይሞት ለቅሶ ይጀምራሉ። በቁሜ ከሚያለቅሱልኝ እማሆይ ቢሉኝ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ፣ ይኸው ዓመት።

የሚያንገበግበኝ ጥሩነሽ ናት። ሠላሳ ዓመት አንቺ እያለች፣ ሐሜቱን ሁሉ ለእኔ እያመጣች የኖረች ጓደኛዬ፣ አሁን እርስዎ ትለኛለች። ሐሜትም አቆመች፣ መነኩሲት ፊት ኃጢአት ነው ብላ። የሰፈሩን ወሬ የመጨረሻዋ ሰሚ ሆንኩ!

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ፣ ምሽት

ተልባ! ማን ያስበው ነበር! ሊዲያ ስልኳ ላይ አየችው። ተልባ በውሃ አፍልቶ ዝልግልጉን ብቻ አጥልሎ ለጸጉር። እኔ የማውቀው ለጨጓራ ነው።

የመጀመሪያው ከሸፈ። ከደንበኛ ጋር ስልክ ሳወራ ረሳሁትና ገንፎ ሆነ፣ ማንኪያ ቢተክሉበት ይቆማል። በወንፊት እምቢ አለ። ድስቱን ሊዲያ ናት የፈገፈገችው፣ እሷም እያኮረፈች። ሁለተኛውን እሳቱ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ገና ዝልግል ሲል አወረድኩት፣ በናይለን ካልሲ አድርጌ ጨመቅኩት። (አዲስ ካልሲ ነው፣ አትጸየፊ።) እርጥብ ጸጉሬ ላይ አድርጌ በመዳፌ ከታች ወደ ላይ ጨበጥ ጨበጥ። ሲደርቅ ጠንክሮ ይንኮሻኮሻል፣ አበላሸሁት ብዬ ደንግጬ ነበር። ከዚያ አሸት አሸት ሲደረግ ይለሰልሳል።

ኧረ አቤት! አቤት ማማር! እልል አልኩ፣ እውነቴን ነው። ሊዲያ ጎረቤት ይሰማል ብላ አፌን ያዘችኝ።

ትራሴንም ቀየርኩ። ጥጥ እርጥበቱን ይመጥጠዋል ተብሏል። ከሱቅ የተረፈ የመጋረጃ ሳቲን ነበረኝ፣ ትራስ ልብስ አሰፋሁት። ያንሸራትታል። ትራሱ ሁለቴ ከአልጋ ወደቀ፣ ጸጉሬ ግን ጧት እንደተኛሁበት ነው።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ከሊዲያ ጋር እንጦጦ ወጣን። ባሕር ዛፉ መሐል፣ የሚያውቀኝ ሰው የሌለበት ስንደርስ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሻሹን ፈታሁ። ነፋሱ ራስ ቅሌ ድረስ ገባ። ዓመት ሙሉ ነፋስ ነክቶት የማያውቅ ራስ! አምና በዚሁ መንገድ ወደ ጠበሉ ስወጣ አንዲት ጸጉር አልነበረኝም፣ ሽቅብ ማየትም አልችልም ነበር። ዛሬ ሮጥኩ። እኔ! ትንሽ ሮጬ ሳል ያዘኝ፣ ግን ሮጥኩ።

ስፖርት የምትሠራ ልጅ ቆመች። እትዬ፣ ጸጉርዎ ሲያምር፣ ምን ተቀብተው ነው? ተልባ አልኳት። ከእሳቱ እስከ ካልሲው አስረዳኋት፣ ስልኳ ላይ ጻፈች። እትዬ አለችኝ ደብተሬ! እማሆይ ሳይሆን እትዬ! ደስታዬን የት ላድርገው?

ስንመለስ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ካለው መታጠፊያ ላይ መልሼ ሻሼን አሰርኩ። ያኔ ከፋኝ። የራሴን ጸጉር እንደ ሰረቅሁት ዕቃ እደብቃለሁ። ሊዲያ አውልቂው በቃ አለች። ለእሷ ቀላል ነው። ሳላስረዳ ቢያዩኝ አስካለ ቆቧን ጣለች ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲያ ማን ያስረዳል?

ወሰንኩ። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተረኛዋ እኔ ነኝ። ሁሉም እቤቴ ይመጣሉ። ያን ዕለት ሻሽ የለም። መጀመሪያ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ አወልቃለሁ። ወይስ መጀመሪያ አውልቄ?

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ምሽት

መስታወት ፊት ንግግሬን እየተለማመድኩ ሳለሁ ጥሩነሽ መጣች። ለብቻችን አለች። ሊዲያን ወደ ሱቅ ላክኋት።

ቁጭ አላለችም። በሩን ዘጋች፣ እጄን ይዛ ጡቷ ላይ አደረገችው። እብጠት። ጠጣር፣ የማይንቀሳቀስ። ከፋሲካ ወዲህ ነው አለች፣ ለልጆቿም አልነገረችም። እማሆይ፣ ይጸልዩልኝ አለችኝ። ሆስፒታል አልሄድም፣ እዚያ የገባ ሰው ሲወጣ አላየሁም፣ ጠበሉን ብቻ ይዣለሁ አለች።

አላየሁም አለች። ለእኔ! ሻሼ ሥር ያለው ጸጉር ቆሞ እየሰማት!

እኔስ ምን አልኩ? እግዚአብሔር ይማርሽ አልኩ። እንደ መነኩሲት። ጉልበቴን ሳመችና ወጣች።

እራት አልበላሁም። እኔም ያን ጊዜ እንደ እሷ እቀር ነበር፣ እህቴ ጎትታ ባትወስደኝ ኖሮ። እስከ ማኅበሩ ቀን ልጠብቅ? የምን ማኅበር! በራሴ በጣም አፍሬያለሁ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ 5 ሰዓት

ሄድኩ!

ጓሮዋ አንሶላ ታሰጣለች። ምንም ሳልል ሻሼን ፈታሁ። አማተበች። አንሶላው መሬት ወደቀ። እማሆይ ቆብዎን! አለች። ቆብ የለም፣ ኖሮም አያውቅም አልኳት። የበሽታውን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁት። ካንሰር። ቀደው አወጡልኝ፣ መድኃኒት ሰጡኝ፣ ጸጉሬን ወሰደው፣ ይኸው ተመልሶ በቀለ። ገብቶ የወጣ አላየሁም አላልሽም? እይኝ አልኳት። ጠበሉንም አልተውኩም፣ አንቺም አትተዪ፣ ግን ሐኪሙንም።

በእርጥብ እጇ ነካችው። አንዱን ቀለበት ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። ዘለለ። ደግማ ሳበችው። የራስሽ ነው? አለች። ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ከዚያ አንሶላውን አንስታ ወረወረችብኝ! አንቺ ቀጣፊ! ዓመት ሙሉ ጉልበትሽን አስሳምሽኝ! ብቻሽን ታምመሽ፣ እኔ እዚህ በር ላይ እያለሁ! የሠላሳ ዓመቱን ስድብ በአንድ ጊዜ ሰደበችኝ። እንዴት ናፍቆኝ ነበር!

ነገ ሆስፒታል ትሄዳለች። ግን በአንድ ነገር። እኔም አብሬያት፣ ጸጉሬን ገልጬ፣ በሰፈሩ መሐል እስከ ታክሲው። ሰው የሚያወራው ነገር አያጣም፣ ያንቺን ጸጉር ያውራ፣ እኔን ይተወኝ አለች። እሺ አልኩ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ጧት 12፡30

ታጠብኩ። ተልባው ተደረገ። ሊዲያ እያዛጋች ጨበጥ ጨበጥ ታደርግልኛለች፣ አትጻፊ ራስሽን ቀጥ አድርጊ ትላለች። የሚያዩኝ ሁሉ እስከ ማታ ድረስ ስንት ነገር እንደሚሉ! ይበሉ። የባለሱቁ ሚስት መስኮቷን ከፍታለች፣ መጀመሪያ የምታየን እሷ ናት። በሳቅና በፍርሃት መሐል ነኝ።

ጥሩነሽ ወጣች። ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ቶሎ ካልወጣሁ ትመለሳለች። ሊዲያ ገና ርጥብ ነው፣ አልደረቀም፣ ቆይ ትላለች። ሻሹን ጣል ላድርግበት እንዴ? አይ። ይውጣ። መንገድ ላይ ይደርቃል። ወጣሁ።