ከካርቶኑ ጋር የመጣው ዘበኛ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

የማቀናብረውን መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ጨርሼ «አስቀምጥ» የሚለውን እንደተጫንኩ፣ ገጹ ላይ የነበረው ፊደል ሁሉ ዓይኔ እያየ ባዶ ሳጥን ሆነ። ከላይ እስከ ታች ሳጥን ብቻ! ወዲያው ከስክሪኑ ጥግ ቀይ መስኮት ብቅ አለና «ኮምፒዩተርዎ አደጋ ላይ ነው» አለኝ። ልብ ይበሉልኝ አባባ፣ ነገሩ የተበላሸው በዚያች ቅጽበት ነው። እርስዎ እንደሰሙት እኔ ቫይረስ ይዤ የገባሁ ዕለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ዕለት የለምና።

ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገር መግባቴን ይቅር ይበሉኝ። ያስተማሩኝ ወግ ይህ አልነበረም፤ ግን ነገሩ ከሰላምታው ቀድሜ ካልወጣሁ አለኝ። አሁን ወጣልኝ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ግድግዳ ይደገፋሉ፣ ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልዎን ምርኩዝ በመጨረሻ ታረቁት? ዓይንዎስ? ይህን ራስዎ እያነበቡት ከሆነ ደስታዬ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ እያነበበልዎ ከሆነ ግን የማይመቸውን መስመር እንዳይዘል ይጠብቁልኝ። የእማዬ ራስ ምታት ለቀቃት ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እንቅልፌም ምግቤም አልጎደለም። የጎደለብኝ ስሜ ነው። በስልክ ብነግርዎ ደግሞ መሐል ላይ ያቋርጡኛል፤ ደብዳቤ ግን አይቋረጥም ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼ፣ አብሮ አደግዎ፣ በማተሚያ ቤታቸው ገጽ አቀናባሪ አድርገው የቀጠሩኝ በእርስዎ ቃል ነው። ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ፣ እንደ እኔ ከሩቅ የመጣችውን «በላሽ ወይ?» ሳይሉ አያልፉም። በቅርቡ ለእኔ ክፍል አዲስ ኮምፒዩተር ገዙ። ካርቶኑ ሲከፈት ቆራጩም፣ ጠራዡም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ሥራቸውን ጥለው መጥተው እንደ ሙሽራ ከበቡት። ከካርቶኑ ጋር ግን ማንም ያልጠራው እንግዳ አብሮ ገብቶ ነበር። ፋብሪካው ኮምፒዩተሩን ሲሠራ ጸረ ቫይረስ የሚባለውን የጥበቃ ፕሮግራም ለሙከራ ብሎ ጭኖበታል። ለጥቂት ጊዜ በነጻ ያገለግልና ከዚያ «ግዙኝ» ይላል።

እዚህ ላይ የጋሼን ሕግ ማወቅ አለብዎት። «ኮምፒዩተሩ የማታውቁትን ነገር ከጠየቃችሁ እሺም እንቢም አትበሉት፤ በኋላ በሉት!» ይላሉ። ዱሮ አንድ ሠራተኛ ዝም ብሎ «እሺ» በማለቱ ብዙ ሥራ ጠፍቶባቸው ነው ይባላል። እናም ያ የሙከራ ፕሮግራም በየጠዋቱ «ጊዜዬ እያለቀ ነው፣ ምን ይወስናሉ?» ሲል፣ እኔም እንደ ሁሉም ሰው «በኋላ» እለዋለሁ። እኔ ከሌለሁ ጠራዡ በዚያ ሲያልፍ «በኋላ» ይልልኛል። እንግዳውን ግባም ሳንለው ሂድም ሳንለው በር ላይ ገተርነው።

ጊዜው ሊያልቅ ሲል ጋሼ ራሳቸው ሌላ ጸረ ቫይረስ ገዝተው መጡና በላዩ ላይ ጫኑበት። የቀድሞውን ግን አላስወጡትም። ለምን? የማያውቁትን «በኋላ» ይሉታላ! አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ቆመ። አንዱ ሌላውን ሲፈትሽ፣ ሌላው ያንኑ መልሶ ሲፈትሽ ማሽኑ መራመድ አቃተው። በማግስቱ የሙከራው ጊዜ አለቀ። ከሥራ የተሰናበተ ዘበኛ በሩን ለቆ ይሄዳል ሲባል ይህኛው ብሶበት ያገኘውን ሁሉ ሌባ እያለ ይይዝ ጀመር። የምንጽፍባቸውን የፊደል ፋይሎች ሰብስቦ ቆለፈባቸው። ሳጥኖቹ የመጡት ከዚያ ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው አሁን ነው። ያን ጠዋት የማውቀው ሳጥኖቹንና ቀዩን መስኮት ብቻ ነበር። ጋሼ መጥተው ቀዩን መስኮት አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ ፋይል የማመላልስበትን ፍላሼን አዩ፣ ሁለቱን ደመሩና ቫይረሱን በእሱ ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ ፈረዱ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «የተማረ ይግደለኝ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይኸው ተማረችና ገደለችኝ!» አሉ። ጠራዡ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ የታረድኩበት እኔ ባልሆን እኔም እስቅ ነበር። ፍላሼን በአሮጌው ኮምፒዩተር እንፈትሸው ብዬ ብለምናቸው «አሮጌ ምን ያውቃል!» ብለው እጃቸውን አወናጨፉብኝ። ከወንበሬ አስነሥተው ወረቀት እንዳጥፍ ወደ መጠረዣው ክፍል ላኩኝ። ወረቀት ማጠፍ ነውር የለበትም አባባ። ነውሩ ባላጠፉት ጥፋት ተቀጥቶ ማጠፍ ነው። ለእርስዎ የደወሉት ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገርዎ። ብዕር ያስነሣኝ ንዴት ቢሆንም፣ የሚያስጽፈኝ እሳቸው ናቸው።

አራሚያችን ናቸው። እዚህ የገቡት የጋሼ አባት ማተሚያ ቤቱን ሲመሩ ነው፤ ያኔ ጋሼ ገና ሱሪያቸውን ቀለም እየቀቡ የሚሯሯጡ ልጅ ነበሩ አሉ። ፊት ለፊት እትዬ እንላቸዋለን። በሌሉበት ግን ስማቸው አራት ነጥብ ነው፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ዐረፍተ ነገሩ አይቀጥልምና። ቀጭን ናቸው፣ አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለ መነጽር አላቸው፣ ቀይ እስክሪቢቷ ከጣታቸው አትለይም። ሲያርሙ ቢያዩዋቸው! ገጹን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚያነቡት። ከመጨረሻው ቃል ተነሥተው፣ አንድ በአንድ፣ እስከ መጀመሪያው። እንደመጣሁ ሰሞን የሚቀልዱ መስሎኝ ጠየቅኋቸው። «ወደ ፊት ሳነብ ዓይኔ የሚፈልገውን ያያል፤ ወደ ኋላ ስመለስ ግን ያለውን ያያል» አሉኝ። ሁለት ሰው አንብቦ ያሳለፈውን ገጽ ወስደው፣ ውኃ ሳይጎነጩ፣ ሁለቴ የተጻፈች አንዲት «ነው» ከመሐል ለቅመው ሲያወጡ አይቻለሁ። ጥበብ ማለት ይህ ነው ብያለሁ በልቤ።

በማግስቱ ጠዋት መጠረዣው ክፍል መጡና ከወረቀቱ ክምር ጀርባ አገኙኝ።

«አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ተቀጥቼ ነው አልኳቸው። «ማን ፈረደ?» አሉኝ፤ ጋሼ አልኳቸው። «ማን መረመረ?» እሳቸው። «ማንስ መሰከረ?» አሁንም እሳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ሳያነብ ይፈርማል» አሉ። ከዚያ እንደ ሕፃን እጄን ይዘው በአታሚዎቹ መሐል አሳልፈው ጋሼ ፊት አቆሙኝ።

«ይህ መጽሐፍ ያለ እሷ አይወጣም» አሏቸው። «ቁጭ ብላ ስህተቱን ትፈልግ። እስከዚያ አንዲት መስመር አላርምም።»

ጋሼ ሳቅ ለማለት ሞከሩ። «እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ስለ ኮምፒዩተር ምን ያውቃሉ?»

«ምንም። ስለ ስህተት ግን አውቃለሁ። አንተ ስህተቱን ሳታይ ሰው ሰርዘሃል።»

መነጽራቸውን አጠፉ፣ ቀይ እስክሪቢቷን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ቦርሳውን ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉ። በዚያ ዕድሜ ከዚያ በር ቢወጡ ሌላ ሥራ የሚሰጣቸው እንደሌለ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጋሼ ቦርሳውን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ በመጨረሻ «እሺ፣ እስከ ምሳ» አሉ።

እትዬ ወንበር ስበው ጎኔ ተቀመጡ። «በይ፣ ከኋላ ወደ ፊት» አሉኝ። «መጨረሻ የገባው ማን ነው?» መጨረሻ የገባው የጋሼ ጸረ ቫይረስ ነበር። ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ነቅዬ እሱን ለጊዜው አሳረፍኩት። ማሽኑ ትንፋሽ አገኘ፣ ፍጥነቱም ተመለሰ፤ ሳጥኖቹ ግን እንዳሉ ናቸው። «ከእሱ በፊትስ?» ፍላሼ። በአሮጌው ኮምፒዩተር ፈተሽነው፤ ንጹሕ ነው። «ከእሱስ በፊት?» የገጽ ማቀናበሪያችን፤ አሮጌው ላይም ያው ነው፣ ጤነኛ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ሄደን ሄደን ካርቶኑ ጋ ደረስን፤ እዚያ ያ «በኋላ» ስንለው የኖርነው እንግዳ ቆሟል።

ላጠፋው ስል እጄን ያዙኝ። «ቆይ! ከመሰረዝሽ በፊት የሚሰረዘው ምን እንደያዘ እይ። ስህተት ስሰርዝ ስንት ደህና ቃል አብሮ ሄዶብኛል መሰለሽ።» የጠረጠራቸውን ፋይሎች የሚያቆይበትን ክፍል ከፈትኩ። ፊደሎቻችን እዚያ ተደርድረዋል! ቀድሜ አጥፍቼው ቢሆን አብረውት በጠፉ ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው «እነዚህ ደግሞ ምን አድርገው ነው የታሰሩት?» አሉ። «እንደ እኔ ነው» አልኳቸው። እንዴት እንደሳቅን አይጠይቁኝ።

ፊደሎቹን አስፈታሁና ዳግም እንዳይነኩ አደረግሁ። ከዚያ የሙከራውን ፕሮግራም አስወጣሁት። መውጫው ላይ «እርግጠኛ ነዎት? ያለ ጥበቃ ሊቀሩ ነው» ብሎ አስፈራራን፤ እትዬ «ምን ያለው ደረቅ ነው!» አሉት። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ ሳስነሣው ግን ያው ቀይ መስኮት መልሶ ብቅ አለ። ሄዶም ርዝራዡ ቀርቷል ማለት ነው። ለካ ሠሪው ድርጅት ራሱ ይህን ርዝራዥ የሚጠርግ ትንሽ ፕሮግራም አለው። ከአሮጌው ኮምፒዩተር አወረድኩት፣ በዚያችው በተከሰሰችው ፍላሼ ይዤው መጣሁ፣ ጠረግሁ። የጋሼን ጸረ ቫይረስ ብቻውን ሥራ አስጀመርኩት። ምዕራፉን ስከፍተው ፊደሉ ፊደል ሆኖ ቁጭ ብሏል። አስቀመጥኩ፣ ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ፤ አለ። እትዬ ስክሪኑን ከታች ወደ ላይ አነበቡትና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ከሌላ ሰው ሽልማት ቢሰጠኝ የዚያን ያህል አልኮራም።

ጋሼ ተጠርተው መጡ፣ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው፣ አዩ። «ተመስገን፣ ተሻለው» አሉ። ተሻለው! ጉንፋን ይመስል! የቀረውን ይላሉ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። የቀረውን ያሉት ቢሯቸው አስገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ነው። «ዓርብ ሠራተኛው ሲሰበሰብ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ በይ። እኔም ይቅር ብያለሁ እላለሁ፣ ወደ ወንበርሽ ትመለሻለሽ፣ ነገሩ ይበርዳል። ለአባትሽ አንዴ ነግሬዋለሁ፤ በእሱ ፊት ቃሌን አላጥፍም። እሱም እግሬ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ እንድትጠይቂ ብሏል።»

አባባ፣ እንዲህ ብለው ከሆነ ግማሹን ሰምተው ነው ያሉት። ሌላው ግማሽ ይኸው እጅዎ ላይ ነው።

ምን ላድርግ ብዬ እትዬን ጠይቄያቸው ነበር። «እኔ ሌላ ሰው የጻፈውን አርማለሁ እንጂ ለሌላ ሰው አልጽፍም» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይህም እንደ ድፍረታቸው ሁሉ አስገረመኝ፤ ያን ያህል ውለታ ውለውልኝ ሊያዙኝ አልፈለጉም። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ልል ነበር። ግን አይቻለሁ። ከጎረቤት ጋር በነበረው የአጥር ክርክር ጊዜ ለገዛ ወንድምዎ በሐሰት አልመሰክርም ብለው፣ አጎቴ ስንት ዘመን ደጃችንን ሳይረግጥ ሲቀር፣ ሌሊት ሌሊት ሲተክዙ አይቼዎታለሁ። ቃልዎን ሲያጥፉ ግን አላየሁም። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ እኚህ ሴትዮ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ ሲያነሡ ነው የገባኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ስለ እኔ አትሳቀቅ፣ የምትሳቀቅበት ነገር አልሠራሁም። ታናሽ ወንድሜን ግንባሩን ይሳሙልኝ፤ ኮምፒዩተር ሲገዛ በመጀመሪያው ቀን አብሮት የመጣውን ሁሉ ይመርምር፣ የማይፈልገውን ያኔውኑ ያስወጣ። አክስቴን አደራ ሰላም ይበሉልኝ፤ «ቻል አድርጊው ልጄ» እንደምትል አውቃለሁ፣ የቻለችውን ሁሉ ስለማውቅ አልፈርድባትም። አጎቴንም፣ ሳያኮርፍ ከተቀበለኝ፣ ሰላም ይበሉልኝ። የእርስዎንም ጉልበት እስማለሁ፤ የሚያመውን ቀስ ብዬ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ዓርብ አልፏል፤ ስለዚህ ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም። ጋሼን ማክበሬን አልተውም፤ ሲገቡ ብድግ እላለሁ፣ ሥራ ሲያዙኝ እሺ እላለሁ። አጥፍቼ ከተገኘሁም በሰው ሁሉ ፊት አጥፍቻለሁ ማለት አያሳፍረኝም። ነገር ግን ለሰላም ሲባል፣ ለወንበሬ ሲባል፣ ለወዳጅነታችሁም ሲባል፣ ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ አንገቴን አልደፋም። እርስዎ ቢያዙኝም አልደፋም። ይህን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም።

የማያፍሩባት ልጅዎ
ከማተሚያ ቤቱ፣ ከእትዬ ጠረጴዛ ጥግ
ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት