አባዬ ያላየው መንገድ

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

ዛሬም ሱቅ። ዳቦ፣ የስልክ ኤርታይም፣ አንድ ሻማ፣ ሁለት እንቁላል... ሰፈራችን ዳቬይተን ቅዳሜ ቅዳሜ እረፍት አታውቅም። እማዬ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ትሸጣለች። እኔ የዘይት ካርቶን ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ በየደቂቃው ስልኬን አያለሁ።

ከሰዓት በኋላ መጣ! ኖርዌይ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ መርጦኛል። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ እያደሩ የሚማሩበት፣ ወጪውን ራሱ የሚችለው። አስተማሪዬ ሚስ ማቤና ጃንዋሪ ላይ ስታስመዘግበኝ "ሞክሪው፣ ምን ይቀርብሻል?" ብላኝ ነበር። የሚቀርብኝ እንቅልፍ ነበር። ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጠፍቷል።

ለእማዬ በጆሮዋ ነገርኳት። ጮኸች። አያቴ እንደማለት ጎጎ የምንላት ጎረቤታችን አሮጊት ኖምሳ እባብ የገባ መስሏት ዳቦዋን ጣለች።

"እማዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። በተለይ ለአባዬ። ራሴ ነኝ የምነግረው።"

"ለእግዚአብሔር ብቻ" አለች።

እሺ። እሱ ምስጢር ይጠብቃል።

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው ክፍል ውስጥ ማንም እንዳያነብብኝ ነው። አባዬ ያነባል፤ ግን የሰው ደብተር አይከፍትም። እሱን የምፈራው በሌላ ነው። አባዬ "ድንበር" የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይዘጋል። ከሆሳዕና እዚህ የአህጉሩ ደቡብ ጫፍ ድረስ በየብስ ነው የመጣው። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ፣ በዚምባብዌ። የአገሮቹን ስም እናውቃለን። ከስማቸው በቀር አንድም ነገር ነግሮን አያውቅም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ሻይ ወሰድኩለት። ሻዩን ጠጣ። ብርጭቆውን ይዤ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

እማዬ ቃሏን ጠብቃለች። ለእግዚአብሔር ብቻ ነው የነገረችው። ችግሩ የነገረችው ሐሙስ በሴቶች ጸሎት ላይ ነው። ጮክ ብላ። ከነስሜ፣ ከነአገሩ። እኛ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ የሚሰጠው እንደዚያ ነው። ሐሙስ "ቃለ መጠይቅ አላት፣ ጸልዩላት" የተባለው እስከ ዛሬ ጠዋት "አልፋለች" ሆኖ አደረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ፕሮግራም የሚመራው ሽማግሌ ጋሽ ሽጉጤ ነበር። ማይኩን ያዘና "ወንድም ሀቢሶን እንኳን ደስ ያለህ እንበለው! ልጁ ዝማሬ ለትምህርት ኖርዌይ ልትሄድ ነው!" አለ። እልልታ። ጭብጨባ። ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ አባዬ። አባዬ ብድግ አለና ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ፖሊስ ሱቅ ሲገባ የሚያሳየው ነው።

አባዬ መኪናውን አስነሳ። ቤት ልንደርስ ስንል "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለ። በቃ፣ ይህችን ብቻ።

"እኔ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው የነገርኩት" ትላለች እማዬ እስካሁን።

"ጮክ ብለሽ እኮ!"

"ታዲያ እንዴት ይጸለያል?"

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ...

"የእኔ ልጅ ድንበር አትሻገርም።"

"በአውሮፕላን ነው አባዬ። ቪዛ አለ፣ ማህተም አለ።"

"እኛንም በመኪና ነው ብለውን ነበር።"

"እኔ እኮ አንተን አይደለሁም!"

"አይደለሽም። ለዚህ ነው የመጣሁት።"

አለቀስኩ። እማዬ ማታ አንድ ነገር ነገረችኝ። አብሮት ከሰፈር የተነሳ ደጉ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ በጭነት መኪና ሸራ ስር ተኝተው ነው የተጓዙት። ሞዛምቢክ ላይ ቀረ። ታሞ ነው፣ ተደብድቦ ነው? እሷም አታውቅም። ለደጉ እናት ስልክ የደወለው አባዬ ነበር።

ተናድጄበት ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። ግን አዝኛለሁም። ሁለቱ አንድ ላይ ይቻላል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

ሰሞኑን ዕቃ መምጣት ጀምሯል!

እኛ ዘንድ ሰው ወደ ውጭ ሊሄድ ነው ከተባለ የሚላክ ነገር አይጠፋም። እህት ፍሬገነት ስቶክሆልም ላለች እህቷ በርበሬና የሕፃን ቀሚስ አምጥታለች። ሌላዋ ጀርመን ላለ የአክስቷ ልጅ ቆጮ። ቆጮ! "ኖርዌይ ከደረስሽማ ጀርመን ምን አላት" አለችኝ። ሩቅ ካለው ሰፈር ከዲፕስሉት ድረስ ፌስታል የላከም አለ። አሁን ማቀዝቀዣችን ውስጥ ከዶሮው በላይ ቆጮ ተኝቷል።

"ገና ነው፣ አላለፍኩም" እላለሁ። "አሜን፣ አሜን" እያሉ ዕቃቸውን አስቀምጠው ይሄዳሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው።

አባዬ ጠዋት ጠዋት ፌስታሎቹን ተሻግሮ ሱቅ ይከፍታል። ግን ትናንት ሲዘንብ ጣሪያው የሚያፈስበትን አውቆ ላስቲክ አልብሷቸዋል። ለሰው ዕቃ ነው? ለእኔ ነው? መጠየቅ ፈራሁ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 28

ቃለ መጠይቁ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሚስ ማቤና ቤት ልሠራው ነበር፤ ለቀብር ወደ ክፍለ ሀገር ሄደች። የቀረው የሱቁ መጋዘን ነው። ነገ ደግሞ የደመወዝ ቅዳሜ ነው። ለገና እንኳን እንደዚያ ሰው አይመጣም። "ሁለት ዳቦ፣ ማይ ፍሬንድ!" እየተባለ ስለ ሕልሜ ላወራ ነው።

አባዬ ቀኑን ያውቃል። እማዬ ነግራዋለች። አይሆንም ያለውን ቃል ግን አልሻረም።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጋዘን ገባሁ። የዱቄት ከረጢት ላይ ከረጢት ደርቤ ስልኬን አቆምኩ። ውጭው ገበያ ነው። ከፊት ለፊቱ ቡና ቤት ሙዚቃው ይጮኻል። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ድንገት የብረት በሩ ሲንኳኳ... አይደለም፣ ሲዘጋ ሰማሁ። አባዬ ሱቁን ዘጋ! በደመወዝ ቅዳሜ! ሁለት ጊዜ ስንዘረፍ እንኳን በማግስቱ የከፈተ ሰው።

ከደጅ የጎጎ ኖምሳ ድምፅ መጣ። "ማን ሞተ?"

"ቱላ ጎጎ፣ ቱላ። ልጄ ፈተና ላይ ናት" አለ አባዬ፤ ቱላ "ዝም" ማለት ነው። ሄዶም ሙዚቃውን አስቀነሰ። እንዴት እንዳስቀነሰ እንጃ።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ሴትዮዎችና አንድ ሰውዬ ናቸው። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "ለምን ይህን ያህል ርቀሽ መሄድ ፈለግሽ?" ሲሉኝ ያላሰብኩት ወጣ።

"አባቴ እዚህ ለመድረስ አምስት አገር አቋርጧል። አንዱንም አላየም። በጭነት መኪና ሸራ ስር ተኝቶ ነው ያለፈው። እኔ ቀና ብዬ እያየሁ ማለፍ እፈልጋለሁ።"

አንዷ ሴትዮ መነጽሯን አወለቀች። ጥሩ ነው? መጥፎ ነው?

ጨርሼ ስወጣ አባዬ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጀርባ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ሁሉም ነገር ይሰማል። እንግሊዝኛው የሱቅ ነው፤ ግን አባት፣ አምስት አገር፣ ሸራ... ለዚህ ለዚህ ይበቃል። አላየኝም። ተነስቶ ሱቁን ከፈተ።

ወደ ማታ ስንዘጋ ጠራኝ።

"ማላዊ ላይ ሐይቅ አለ ይባላል። እውነት ነው?"

ስልኬ ላይ ካርታውን አሳየሁት። ብዙ አየው። በጣቱ ተከተለው።

"መኪናው ቆሞ ነበር። ከሸራው ውጭ አንድ ድምፅ ይሰማናል፣ ሽው... ሽው... ይላል። ደጉ ንፋስ ነው አለ። እኔ ውሃ ነው አልኩት። ንፋስ ነው፣ ውሃ ነው እያልን ተከራከርን። ቀና ብሎ ማየት አይቻልም። ሳንስማማ አለፍን።"

ደጉን በስሙ ሲጠራው ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እጁን ያዝኩት። እጁን አልሳበም።

"ከተሳካልሽ ለጉዞ ወረቀቱ እኔ ነኝ ይዤሽ የምሄደው" አለና ቁልፉን አነሳ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ተቀበሉኝ። ተቀበሉኝ። ተቀበሉኝ!!! አባዬ ዳቦ ቆጥሮ መስጠት አቅቶት እማዬ ተካችው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

እማዬ በነጭ ነጠላ ተውባ ልትመሰክር ተነሳች። "ጌታ ለልጄ..." ከማለቷ ጋሽ ሽጉጤ በፍቅር አቋረጣት። "እህት ኤርጎጌ፣ ለእሱማ ፌብሩዋሪ ላይ አመስግነናል እኮ።"

ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው አባዬ ነው። እማዬ እስከ ቤት አኮረፈች።

ሐሙስ፣ ጁላይ 31

የጉዞ ሰነዴ ወጣ! ስንት ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ተሰልፈናል፤ አባዬ አንድም ቀን አልቀረም። ሰልፉ ላይ ያወራል። ሞያሌ ላይ ስለበላው ሙዝ፣ ስለ ደጉ ዘፈን። ደጉ ድምፁ አስቀያሚ ነበር አሉ። ዝም ማለት ደግሞ አይወድም።

ሰነዴን አገላብጦ አየና ለእኔ ከመመለሱ በፊት በሸሚዙ ጠረገው።

ዓርብ፣ ኦገስት 15

ሻንጣዬ በሱቁ ሚዛን ሦስት ጊዜ ተመዘነ። በርበሬውና የሕፃን ቀሚሱ ይሄዳሉ። ቆጮውን ራሳችን በክትፎ በላነው፤ ጀርመን ይቅር ይበለን። እማዬ ሹራብ በሹራብ ላይ ትጠቀጥቃለች። ፊቷን ታዞራለች፣ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ ሌላ ሹራብ። እሷን ትቶ መሄድ... ስለዚህ ነገር ዛሬ አልጽፍም።

"አንተስ አባዬ? ሁሉም ሰው ዕቃ ሰጥቶኛል። አንተ ምን ላድርስልህ?"

አሰበ።

"በመስኮት በኩል ተቀመጪ።"

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

አውሮፕላን ውስጥ ነኝ። ወደ ናይሮቢ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን።

አየር ማረፊያው ግማሹ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። ጎጎ ኖምሳም በታክሲ መጥታለች። "ሃምባ ካህሌ"፣ በሰላም ሂጂ፣ ብላ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። ጋሽ ሽጉጤ ጸለየ፣ ረዘመ። እማዬ አልለቅ አለችኝ። አባዬ እስከ መጨረሻው ገመድ ድረስ አብሮኝ ሄደ። የድንበር ሠራተኛዋ ሰነዴን ስትመታው ማህተሙ ጧ ሲል ዞሬ አየሁት። ፈገግ አለ። የፖሊሱን ፈገግታ አይደለም።

በቀኝ፣ በመስኮት በኩል ነኝ። ከተነሳን ጀምሮ አንገቴን አላዞርኩም። ቢጫ መሬት፣ ቡናማ መሬት፣ ቀጭን መንገድ። መንገዱ ላይ እንደ ጉንዳን አንድ ጭነት መኪና። ያንን መኪና እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።

ከዚያ ዳር ላይ አንድ ሰማያዊ ነገር መጣ። ሰማይ መሰለኝ። ግን እየሰፋ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ ጠየቅኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩና "ማላዊ። ሐይቁ ነው" አሉኝ።

አሁን እየጻፍኩ እያለቀስኩ ነው። ሰውዬው መሀረብ ሰጡኝ። የአገር ናፍቆት መስሏቸው ይሆናል።

ናይሮቢ እንዳረፍኩ የምደውልለት ይህን ልነግረው ነው።

ውሃ ነው፣ አባዬ። ልክ ነበርክ። ውሃ ነው።