ከስብሰባ ለማስቀረት የጻፍኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1973
«ወ/ሮ ጂቱ ሂርጳ አእምሯቸው መድከሙን ልጃቸው በጽሑፍ ስላረጋገጡ፣ የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት ለሌላ ነዋሪ እንዲሰጥና እሳቸው ወደ ልጃቸው ቤት እንዲዛወሩ ተወስኗል።»

ከሥራ ወጥቼ እንደ ሁልጊዜው ፈረንሳይ ለጋሲዮን እናቴ ቤት ጎራ ስል ይህን የቀበሌ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ፊደል እየቆጠረች ራሷ አንብባዋለች። አምና መሠረተ ትምህርት ተምራለች፤ የምስክር ወረቀት የሰጣት ይኸው ቀበሌ ነው!

«ደክሟል ያልከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ለቀበሌው ያስገባሁትን ማመልከቻ ቅጂ አወጣሁ። «አእምሮዋ ስለደከመ የእሁድ ስብሰባ መከታተል አትችልም።» የደከመው ጉልበቷ ነበር። ወደ ስብሰባው የሚያወጣው ዳገት... ጉልበት ብል በዱላም ትምጣ ይላሉ ብዬ ሰጋሁ። አእምሮ አልኩ። እኔ፣ መሥሪያ ቤት የሰው ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ የማርም!

አርባ ዓመት የኖረችበት ቤት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ቀበሌ ሄድኩ። የሰው አእምሮ ደክሟል ብሎ መብቱን የሚገድብ ፍርድ ቤት ብቻ መሆኑን ለጸሐፊው ለቀጀላ ነገርኩት። እስኪበቃኝ አስወራኝ።

«ጋሼ፣ ይምረጡ። የጻፉት እውነት ከሆነ ቤቱን እንረከባለን። ውሸት ከሆነ ሰው ከስብሰባ አሽሽተዋል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አያልቅም።»

የት ነው የሚያልቀው? አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
መኪና በር ላይ በቆመ ቁጥር መጋረጃ ገልጬ አያለሁ። ዝም ብል አይሻልም? እኔ ጋ ብትመጣስ... ምን ትሆናለች? ይህን በመጻፌ አፈርኩ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9
እማዬ ስብሰባ ሄደች! ዳገቱን ሦስቴ አርፋ ወጣችው። ጎረቤቷ ኩልሱም ደግፋታለች። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። እጇን አውጥታ ተነሳች።

«ጂቱ ሂርጳ እባላለሁ። ልጄ የዋሸው ለጉልበቴ አዝኖ ነው። አእምሮዬን የተጠራጠረ ይጠይቀኝ።»

ሰው ሳቀ። ቀጀላ አልሳቀም፤ ጻፈ።

ስንወርድ ለምን አጋለጥሽኝ አልኳት። «አንተስ ልትናገር ነበር?» አለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ጋቢና የጥርስ ብሩሽ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ጻፍኩ። ጠዋት ቀበሌ አስገባዋለሁ። እማዬም ከስሜ በታች በራሷ እጅ ፈርማለች።

«ስለ እናቴ አእምሮ የጻፍኩት ሐሰት ነው፤ ተጠያቂው እኔ ብቻ ነኝ። በሐሰት ላይ የቆመው ውሳኔ ተሽሮ፣ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 1973 ድረስ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»