ግሪስ የተቀባችው ጋሪ

ረቡዕ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

ምነው ዛሬ እጄን በሰበሰብኩ! የመዘምራኑን ጋሪ የጎማ ኩሽኔታ ግሪስ ቀባሁት።

ጋሪዋን የበየዳት ባስ ጊታር ተጫዋቻችን ታምራት ነው። ስፒከሩንና ኪቦርዱን ጭነን ስድስት ዓመት በኮብልስቶኑ ላይ ስንገፋት፣ ለኮንፈረንስ ዱራሜና ሺንሺቾ ድረስ ስትንገላታ፣ አንድም ብየዳዋ አልለቀቀም። ጩኸቷ ግን ሰፈር ይቀሰቅሳል። "ግሪስ ቀባት እንጂ" ስለው፣ "ተዋት ትጩህ፤ እማዬ እሷን ስትሰማ ነው በር የምትከፍተው" ይለኝ ነበር። ሐምሌ ላይ እሱን ከቀበርነው በኋላም እናቱ እማማ ወርቅነሽ ረቡዕ ረቡዕ የጋሪዋን ድምፅ ሲሰሙ ቆሎ ይዘው ይወጡልን ነበር።

ዛሬ ለልምምድ ስንሄድ በደጃፋቸው በጸጥታ አለፍን። በሩ ዝግ ነው። የሌሉ መስሎኝ ነበር።

ስንመለስ ቆሎውን እንደያዙ በር ላይ ቆመዋል።

"ልምምዱ ቀረ እንዴ ልጄ? እኔ እኮ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቃችሁ ዋልኩ" አሉኝ።

ቤት እንደገባሁ ግሪሱን በጨርቅ ጠረግኩ፣ ኩሽኔታውንም በቤንዚን አጠብኩ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ሁለት ጊዜ ገፋኋት።

አልጮኸችም።