ሆን ብዬ ያበላሸኋቸው አስራ ሁለት ኮምፒውተሮች

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት አደረገሽ? ዓይንሽን ለሐኪም አሳየሽ ወይስ ዛሬም መርፌ ላይ ክር የሚያስገባልሽ ሰው እየጠራሽ ነው? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ ሱቁስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ገና ከጅምሩ ታውቂብኛለሽ። ይህን ልጽፍ ከተቀመጥኩ ሦስቴ ተነስቼ ክፍሉን ዞሬያለሁ፤ ልቤ አልረጋ ብሏል።

የማስተምርበትን የሙያ ማሰልጠኛ ነግሬሻለሁ። ተማሪዎቼ የኮምፒውተር ጥገና ሊማሩ መጥተው አንድም ኮምፒውተር ሳይፈቱ ነው የሚመረቁት። ዕቃው እንዳይበላሽ ተብሎ ክፍሉ ይቆለፋል፤ እኛ ሰሌዳ ላይ እንስላለን። አምና ያስመረቅኳት አንዷ ሥራ በገባች በመጀመሪያው ቀን የማሽኑን ክዳን መክፈት አቅቷት እንደተመለሰች ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥሪ የደህናውን ስፌት መኪና ክር አወሳስበሽ፣ መርፌውን አዙረሽ ተክለሽ፣ በይ ጥፋቱን ፈልጊ ብለሽ ሻይሽን ልትጠጪ ትሄጂ ነበር። እኔንም እንደዚያ አድርገሽ አስለቅሰሽኛል፤ ቂሙ ገና አልወጣልኝም። እኔም ቁልፉን ለምኜ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ገባሁና አስራ ሁለቱን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ አበላሸኋቸው። የአንዱን ገመድ አላላሁ፣ የሌላውን ሚሞሪ የሚሉትን የማስታወሻ ሰሌዳ ነቀልኩ። ሰኞ ተማሪዎቹ ሲገቡ ክፍሉ ገበያ መሰለ። እስከ ምሳ ሰዓት አስራ አንዱን አስነሷቸው፤ በማስተማር እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አስራ ሁለተኛው ግን አልተነሳም። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ስቸኩል ከኤሌክትሪክ ሳልነቅለው ሚሞሪውን መዘዝኩት፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ምንም አልሆነም ብዬ ራሴን ሸንግዬ ክዳኑን ገጠምኩት። ያ ማሽን የደረሳት ድምጿ ስለማይሰማ ዝምታ የሚሏት ተማሪዬ ናት፤ ልጆቿን ጎረቤት ትታ የምትማር ሴት። የንብረት ክፍሉ ሃላፊ እሷ እንዳቃጠለችው ጽፎ አስገባ። የእኔ አለቃ ደግሞ እውነቱን ስነግረው ወደ ጥግ ወስዶ፣ ነገሩ እንዲሁ ካለፈ እኔም ሥራዬ ላይ እንደምቆይ፣ የተግባር ትምህርቱም እንደሚቀጥል፣ ከተናገርኩ ግን ጥፋት የሚመረምረው የማሰልጠኛው ኮሚቴ ክፍሉን መልሶ እንደሚቆልፈው ነገረኝ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ፤ እሷም ሦስት ቀን ትምህርት ቀረች።

ዛሬ ከምሳ በፊት የተከራየችበት ቤት ሄድኩ። ደብተሮቿን በፌስታል ቋጥራ በሩ ሥር አስቀምጣቸዋለች። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ይቅር ትለኛለች ብዬ ነበር፤ አላለችኝም። ሦስት ቀን ሙሉ እጆቿን ስትረግም እንደከረመች ብቻ ነገረችኝ። ከዚያ ምኑን እንዴት አድርጌ እንደነካሁት ጠየቀችኝ፤ አስረዳኋት። ነገ ማሽኑን ከፍቼ እንዳሳያት ለመነችኝ።

ኮሚቴው ነገ ጠዋት ይሰበሰባል። ጥፋቴን ጽፌ አሁን አስገብቼ መጣሁ። ነገ ቁልፉ በእጄ ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ግን እሺ ብያታለሁ።

እናታችንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ነገሩን ግን እንዳትነግሪያት፣ ደም ግፊቷ ይነሳል። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ለፈተናዋ በርቺ በያት፤ ትንሹን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ ባለፈው በስልክ ማን ልበል ብሎኛል። ሱቅ ያሉትንም ሁሉ በያሉበት ሰላም በያቸው።

ታናሽ እህትሽ
ከማሰልጠኛው ጀርባ ከተከራየሁት ክፍል
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 9 ቀን